ለሽልማት የቀረበ ለቅሶ

ይህ የሆነው በ2003 ዓ.ም. በበልግ ነው፤ ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ገና አልወጣም ነበር። ያን ጊዜ ወላይታ ሶዶ ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። ባሌ ከሞተ አሥር ዓመት ሞልቶታል። የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ ሁምቦ በረሃው ውስጥ የተራቆቱ ተራሮች ላይ ችግኝ ሲያስተክል ወባ ገደለው። ከእርሱ የቀረችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። እርሷም ያን ዓመት ዐሥራ ሰባት ሆኗታል። ስለ ሰጠኝም ስለ ወሰደብኝም እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጄ ድምፅ አላት። ይህን ያወቅሁት ከሰው ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ስትዘምር እሰማለሁ፤ ግን ልጅ ሁሉ ይዘምራል። በዐሥራ ሦስት ዓመቷ እግሯ ተሰብሮ ዱቦ ሆስፒታል ተኛች። በአቅራቢያው ካለው የካቶሊኮች ጸሎት ቤት ኦርጋን ይሰማል። ልጄም አልጋ ላይ ሆና አብራ ታንጎራጉራለች። አንድ ቀን ኦርጋን የምትመታው መነኩሲት ልታያት መጣች። ያረጀች ፈረንጅ ናት፤ አማርኛዋ ስብርብር ያለ፣ ወላይትኛዋ ግን ከእኔ የማይተናነስ።

«እግሯ ይድናል» አለችኝ። «ድምፅዋን ግን ስጭኝና ላስተምራት።»

«ሲስተር፣ የእኛ ሃይማኖት ሌላ ነው» አልኳት።

«ሳንባ ሃይማኖት የለውም» አለች።

ደነገጥኩ፤ መነኩሴ እንዲህ ይናገራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። «እንግዲህ ሳንባዋን ትስጣቸው፤ ልቧን ግን እዚህ አስቀሪልን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስና በእግር ዱቦ ትሄድ ጀመር። እሑድ ደግሞ ከእኔ ጋር ታስቀድሳለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ ልጄ መሬት ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ሆዷ ላይ ዳታ በርበሬ የምፈጭበት መጅ ተቀምጧል። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም። ጮህኩ። ደብተሬ ከእጄ ወደቀ።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። ትንፋሽ ነው።»

«የምን ትንፋሽ! ድንጋይ ተጭኖሽ?»

«ሲስተር ናት ያለችኝ። ድምፅ ከጉሮሮ አይደለም፤ ከዚህ ነው» አለችና በመጁ ላይ መታ መታ አደረገች።

«ሆድሽ በርበሬ በርበሬ ሊል ነው» ብዬ ትቻት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መጁን ስፈልገው ከወፍጮው ላይ ሳይሆን ከአልጋዋ ሥር ነበር የማገኘው። ብዙ ጊዜም ያለ ድምፅ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ አያታለሁ። ምን እያለች እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። እኔ ብዙ አልጠይቅም፤ እርሷም ብዙ አትናገርም።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ሲስተር ራሷ ሶዶ ድረስ መጣች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማኅበር አለ አለችኝ። ክላሲካል የሚባለውን፣ በኖታ ተጽፎ በትምህርት የሚዜመውን ሙዚቃ ለሚያጠኑ ወጣቶች በየዓመቱ ሽልማት ይሰጣል። ለሚጫወቱም ለሚያዜሙም ነው። ያሸነፈ አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ማደሪያውንም መምህሩንም ማኅበሩ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ዳኞቹ ከአዲስ አበባ ወጥተው አያውቁም። በዚያ ዓመት ግን ወደ ክልል ከተሞች ወጥተን እንስማ ብለው ሶዶንም ጨምረዋታል።

«እኔ በክረምት አገሬ እገባለሁ» አለች ሲስተር። «አርጅቻለሁ፣ አለቆቼም ጠርተውኛል። ከእኔ በኋላ የሚያስተምራት የለም። ይህ ካለፋት ድምፅዋ እዚሁ ይቀራል።»

ሻይ ቀዳሁላት። ምን ልበል? ከማኅፀኔ የወጣች፣ ቤቴን የምትሞላ እርሷ ብቻ ናት። ትሂድ ካልኩ ቤቱ ውስጥ እኔና ግድግዳው እንቀራለን። አትሂድ ካልኩ ደግሞ እግዚአብሔር የሰጣትን ዘጋሁባት ማለት ነው። «ትወዳደር» አልኩ። በልቤ ግን፣ ከሶዶ ማን ያሸንፋል ብዬ ነው የፈቀድኩት።

ተወዳዳሪው ሁለት ዜማ ያቀርባል። አንዱ ከመጽሐፍ የተማረው ነው። ሁለተኛው ከገዛ አገሩ የተገኘ፣ በካሴት ያልወጣ፣ ያለ መሣሪያ በባዶ ድምፅ የሚዜም መሆን አለበት። ልጄ ለሁለተኛው ከሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙሮቻችን አንዱን አሰበች። እኔ አልወደድኩትም።

«መዝሙር የሚቀርበው ለፈጣሪ ነው» አልኳት። «ዳኛ ፊት አቁመሽ ታወዳድሪዋለሽ?»

«ታዲያ ምን ላዚም እማዬ?»

«ሌላ ፈልጊ።»

«ሌላ የማውቀው…» አለችና ተወችው። ቆይታ «እሺ» አለች።

ምን እንዳገኘች አልነገረችኝም። ሲስተርም አላወቀችም።

ውድድሩ ዓርብ ቀን ዋለ። በዚያ ሳምንት እኔን ወባ ይዞኝ ነበር። ጋቢ ደርቤ፣ ልጄ ክንዴን ይዛ፣ ከበራችን ባጃጅ ውስጥ ገባን። ወዴት እንደምንሄድ ለጎረቤት አልነገርኩም። ካላሸነፈች አፈር ትብላ የሚሏት መስሎኝ አፈርኩ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በኋላ ያመጣውን ያመጣው ይህ ነው።

አዳራሹ ሞልቷል። የከተማችን ሬዲዮ ውድድሩን በቀጥታ እንዲያስተላልፍ ሽቦ ዘርግቷል። ከፊት ዳኞቹ ተቀምጠዋል፤ መሪያቸው ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ከአርባ ምንጭም ከሆሳዕናም የመጡ ልጆች ነበሩ። አንዱ ቫዮሊን ተጫወተ፤ በጣም ጥሩ ነበር። የእርሱ እናት እፊቴ ተቀምጣ ስታጨበጭብ ነጠላዋ ወደቀ። ይሄ ነው የሚያሸንፈው ብዬ ልቤ ትንሽ አረፈ።

ልጄ ወጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። የመጀመሪያውን በሲስተር ኦርጋን ታጅባ በባዕድ ቋንቋ አዜመች። አንድ ቃል አልገባኝም። ግን ያ ድምፅ ከቤቴ የወጣ አልመሰለኝም፤ ሰፊ ነው፣ አይጮህም፣ አዳራሹን ግን ሞላው። ጎኔ ያለች ሴት «የማን ልጅ ናት?» አለች። «እንጃ» አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ደንግጬ ነው።

ሰው አጨበጨበ። ሲስተር ከኦርጋኑ ተነስታ ወደ ዳር ሄደች። ልጄ ብቻዋን መሀል ላይ ቆመች። ከዚያ ሁለት እጆቿን አንስታ ራሷ ላይ አጣመረች።

እጅ ራስ ላይ የሚወጣው ለምን እንደሆነ በአካባቢያችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። የሞተ ሲኖር ነው። እኔ ግን አይኔን አላመንኩትም፤ ፀጉሯን የምታስተካክል መሰለኝ። በወላይትኛ ጀመረች። ወደ አማርኛ ስመልሰው ግማሹ ይጠፋል፤ ነገሩ ግን ይህ ነው፦

የሁምቦን ተራራ ያለበስከው፣
አንተን አፈር ማን አለበሰህ?
ዛፍህ ቆሞ አንተ ተጋደምክ፣
ጥላህ ቀርቶ አንተ ሄድክ።

የእኔ ለቅሶ ነው። ባሌ የተቀበረ ቀን፣ ሰው ክብ ሠርቶ በቆመበት፣ መሀል ገብቼ ያወረድኩት። በእኛ ዘንድ ለሞተው ግጥሙን የምታወጣው የቅርቡ ሰው ናት፤ ያኔ ይባላል፣ እዚያው ይቀራል። የሞተ በሌለበት ለቅሶ አይዜምም። ድንኳን ሳይኖር በቤት ውስጥ ማንጎራጎር እንኳ ሞት መጥራት ነው። እኔ ያን ቀን አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ከዚያ አፌን ዘጋሁ። አልደገምኩትም። ልጄ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ወባው ተመልሶ የመጣ ይመስል ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ ያጠረኝ ቦታ ላይ እርሷም ትንፋሽ ያጥራታል። ድምፄ የተሰበረበት ቦታ ላይ ድምፅዋን ትሰብረዋለች። ከሰው ፊት ልብሴን የገፈፉኝ ያህል ተሰማኝ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ብድግ አለች። «ማን ሞተ?» አለች። ሌላዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። አንዲት አሮጊት ደረታቸውን እየደቁ ማልቀስ ጀመሩ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ልጄ ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ለለቅሶ ማን ያጨበጭባል? ዳኞቹ ዘፈኑን ሰው የጠላው መስሏቸው ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ይተያያሉ። ከመካከላቸው አንዱ ፈረንጅ ብቻውን ሁለት ጊዜ አጨበጨበና እጁን መለሰ።

እኔ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ልጄ ከኋላዬ መጣች፤ ፊቴን አይታ ግን አልቀረበችም። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች እስኪጨርሱ እንደዚያው ተራርቀን ተቀመጥን። ከቀትር በኋላ የዳኞቹ መሪ እኔን ፍለጋ መጣች።

«የልጅቷ እናት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ያንን ሁለተኛውን ዜማ ከየት አገኘችው?»

«ከእኔ።»

ፊቷ በራ። «እርስዎም ድምፃዊት ነዎት?»

«ባሌ ሞቶብኝ ነበር» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። ረጋ ብላም ተናገረች። ሽልማቱን ለልጄ ሊሰጡ ሁሉም ተስማምተዋል። ነገር ግን ዕድሜዋ ስላልደረሰ ያለ እኔ ፈቃድ አይሆንም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ካረፉበት ይነሳሉ። እስከዚያ ፈቃዴን ካልሰማች ሽልማቱ ለሁለተኛው፣ ቫዮሊን ለተጫወተው ልጅ ያልፋል።

«አሁኑኑ ልንገርሽ» አልኳት። «አልፈቅድም።»

«ምነው? ቅር ያሰኘንዎት ነገር አለ?»

«የሞተ የለም» አልኩና ተነሳሁ። ሴትዮዋ ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። እኔም ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

ወደ ቤት በእግራችን ወረድን። እኔ ከፊት፣ ልጄ ከኋላ። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብዬ፣ «አባትሽን ለሽልማት አወጣሽው» አልኳት። ስታለቅስ ሰማሁ።

ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ስንደርስ የዕድሩን ድንኳን አየሁ። መንገዱን ግማሽ ይዞ ቆሟል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ተቀምጧል። ጋቢዬን ጣልኩና፣ «ማን ነው? የማን ቤት ነው?» እያልኩ ሮጥኩ። ስጠጋ ነው ያወቅሁት። ድንኳኑ የቆመው በእኔ ደጅ ነው።

መጀመሪያ ያየችኝ ፕሮቴስታንቷ ጎረቤቴ ናት። ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ነበር። «ኢየሱስ ጌታ ነው!» ብላ ጮኸችና ሰፌዱን ለቀቀችው። ንፍሮው መሬት ላይ ተበተነ። ሌሎቹ ዞሩ። አንዷ ወደ ቤት ሮጠች፣ አንዷ እዚያው ቁጭ አለች። የዕድሩ ሰብሳቢ፣ ሁልጊዜ ኮስታራ የሆኑ ሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው ጋቢ በሌለው ትከሻዬ ላይ አደረጉት፤ ሥጋ መሆኔን ሊያረጋግጡ ነው።

«እትዬ» አሉ፣ «እርስዎ አልሞቱም እንዴ?»

ድንኳኑን አያለሁ፣ ወንበሮቹን አያለሁ፣ ትልቁን ድስት አያለሁ። ሁሉም ለእኔ ነው። ለቀስተኛ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ጠዋት ጋቢ ደርቤ፣ ልጄ ደግፋኝ ባጃጅ ስገባ አይተዋል፤ ሆስፒታል የሄድኩ መሰላቸው። ቀትር ላይ ጎረቤቴ ሬዲዮ ስትከፍት የልጄ ድምፅ በለቅሶ መሀል ተቀበላት። ከየት እንደሚተላለፍ ሳትሰማ ደጅ ወጥታ ጮኸች። ሌሎቹም ሮጠው መጥተው አዳመጡ። ለቅሶው የእኔ መሆኑን የሚያውቁ አሉ፤ የእናቷን ለቅሶ በእናቷ ላይ እያወረደች ነው አሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ጡሩምባ ነፊውንም ላክን» አሉ ሰብሳቢው አንገታቸውን ደፍተው።

ጡሩምባ ነፊው ድንኳኑ ጥግ ጡሩምባውን አቅፎ ቆሟል። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ግን እንደ ዛሬ ነፍቼ አላውቅም። ሁለት ሰፈር አልፎ ተሰምቷል።»

«ጥሩ ነው የነፋኸው?»

«በጣም!»

«እንግዲያውስ የምሬን ስሞት ደግመህ አትቸገር፤ ተነፍቷል» አልኩት።

ከድንጋጤው ሁሉ በኋላ ሰው የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ሴቶቹ እየሳቁ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይሳለቁብኛል። «መቃብርም ሊቆፍሩ ሄደው ነበር» አለች አንዷ። «አባ ግን፣ ‹አስከሬኑ ሳይመጣ አንዲት ዶማ አታነሡም› ብለው መለሷቸው።» ንስሐ አባቴን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ንፍሮውን ምን እናድርገው ሲሉ፣ «አምጡት፣ የራሴን ንፍሮ ልብላ» አልኩ። ደግሞም ርቦኝ ነበር።

ልጄ ግን ከድንኳኑ ውጭ እንደቆመች ቀርታለች። ስለ ውድድሩና ስለ ሽልማቱ ነገርኳቸው፤ አልፈቅድም ማለቴንም ጨምሬ። ለቅሶን መድረክ ማውጣት ልክ ነው የሚል አልነበረም። በመሀላችን እማማ የምንላቸው አሮጊት ነበሩ፤ ከእኔ አገር የመጡ፣ ባሌ ሲቀበር የነበሩ። በከዘራቸው እየተመረኮዙ ወደ በሩ ሄዱና ልጄን ጠሯት።

«ነይ አንቺ። ማን አስተማረሽ ይህን?»

«ማንም» አለች ልጄ።

«ማንም ካላስተማረሽ እንዴት አወቅሽው?»

ልጄ ወደ እኔ አየች። «እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። እንዳይጠፋ ብዬ በሆዴ እለዋለሁ። ያለ ድምፅ።» ከዚያ ለእኔ ብቻ እንደምትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአባዬን ድምፅ አላስታውስም እማዬ። ስለ እርሱ የማስታውሰው ያንቺን ድምፅ ብቻ ነው። ሌላ የማውቀው የለኝም ብዬ ልነግርሽ ነበር።»

መጁን አስታወስኩ። ያ ሁሉ አፍ መክፈትና መዝጋት ይህ ነበር። ዓመት በዓመት፣ አጠገቤ፣ በእኔ ቤት።

እማማ ግን አልጨረሱም። «ጥሩ ይዘሽዋል» አሏት። «ግን ጎደሎ ነው። የመጨረሻውን አላልሽውም።»

«የመጨረሻ አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ! አንቺ አልሰማሽም። ፀሐዩ ሲበረታብሽ በጀርባዬ አዝዬ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። እናትሽ ከዚያ በኋላ ስለ አንቺ ብላለች። ሰው ሁሉ ሰምቷል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ረስተሽዋል?»

ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው፤ እማማ እስኪናገሩ ድረስ ሌላ ስንኝ እንዳለው እንኳ አላስታወስኩም። አሁን ግን ቃሉ አንድ በአንድ መጣ። በሰው ፊት፣ በባሌ ሬሳ ላይ፣ ስለዚህች ልጅ የገባሁት ቃል ነው። ቀኑን ሙሉ ከደነገጥኩት ሁሉ የበለጠ ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ቀን አዳራሹ ውስጥ ያፈርኩት በልጄ ነበር። አሁን የምገባበት አጣሁ።

«ይበሉላት እማማ» አለች ጎረቤቴ።

«እኔ ምን አገባኝ? ያወጣችው ትበለው» አሉና ተቀመጡ።

ያን ምሽት ልለው አልቻልኩም። ሰው ቀስ በቀስ እየተሰናበተ ሄደ። ሰብሳቢው ድንኳኑን ጠዋት እናነሳዋለን ብለው ወጡ። ልጄ ደጅ የተበተነውን ንፍሮ ስትለቅም ሰማኋት። እኔ ጸሎቴን አደረስኩና ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ልሰግድ ፈልጌ ነበር፤ ግንባሬን መሬት ላይ ልደፋ። በዓለ ሃምሳ ነውና ስግደት የለም። ቆሜ በሩን ተሳለምኩ፣ ተመስገን አልኩ፣ ተመለስኩ። ስደርስ የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ ሊፈቱ ጎንበስ ብለዋል።

«ትንሽ ጠብቁኝ» አልኳቸው።

ልጄን ከቤት ጠራኋትና ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ድንኳን ካለ ለቅሶ ይፈቀዳል። እጆቼን ራሴ ላይ አጣመርኩ። ድምፄ እንደ እርሷ አይደለም፤ ሻክሯል፣ አሥር ዓመት ተዘግቶ ኖሯል። ግን ወጣ፦

አንድ ችግኝ ትተህልኛል፣
እኔ ውኃ አጠጣለሁ፤
ከጥላዬ ወጥቶ ሲያድግ
ቆሜ በዓይኔ አያለሁ።

ልጄ አንድ ጊዜ ሰማች። ወዲያው ከእኔ ጋር ደገመችው። ውጭ ገመዱን የያዙት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። በሩ ላይ ከትናንት በቀረው ውኃ ፊቷን አጠብኳት፣ የእኔንም ታጠብኩ።

«አሁን ፍቱት» አልኳቸው።

ከዚያ ልጄን ይዤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዳኞቹ ወዳረፉበት ሄድኩ። መኪናቸው ሞተሩ ተነስቷል። ሴትዮዋ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ፈቅጃለሁ» አልኳት።